ተቀባይ ያጣ ዘፈን

«ትንፋሽዎን እንኳ ዝቅ ያድርጉልኝ፣ አያ እንየው» ይላል ሰውነት፣ ዓይኑን ከመድረኩ ሳይነቅል። ስልኩን ቀርቀሃ ዘንግ ጫፍ ላይ አስሮ ከሰው ራስ በላይ አንስቶታል። የእንጅባራ ነፋስ ቅጂውን እንዳያበላሽበት ደግሞ የሱፍ ካልሲ አልብሶታል።

«ስልክህንም በረደው?» ይላሉ ሽማግሌው በርኖሳቸውን እየሰበሰቡ። ከጥሊሊ በላይ ካለ ቀበሌ ለገበያ መጥተው፣ የጊታሩ ጩኸት ከመንገድ ጎትቶ ሜዳው ያስገባቸው ገበሬ ናቸው። «ይሄ ነገርስ ተበላሽቶ ነው የሚጮኸው፣ ወይስ ዓመሉ ነው?»

«ሮክ ነው። ዓመሉ ነው።»

«መብረቅ አሰልጥነው መጡ በለኛ!»

ሰውነት ሳቁን ዋጥ ያደርጋል። የሚቀዳ ሰው አይስቅም፣ አያጨበጭብም፣ አብሮ አይዘፍንም። ይህን ባንድ ሦስት ጊዜ ቀድቶታል፤ ሦስቱንም ጊዜ ወይ የጎረቤቱ ፉጨት ወይ የራሱ ጩኸት አበላሽቶበታል። ባንዱ አልበም የለውም። ዛሬ የመጨረሻቸው ነው፤ ነገ በየፊናቸው ይበተናሉ። የመዝጊያውን ዘፈን ማንም ቀድቶት አያውቅም። ዛሬ ካልያዘው እንደ ጉም በኖ መቅረቱ ነው።

ለዚህ ነው ከጎኑ የቆሙትን ሽማግሌ ትንፍሽ እንዳይሉ ቃል ያስገባቸው። አያ እንየው ደግሞ «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ከሚሉት ወገን ናቸው።

ድራሙ ይወርዳል። መሬቱ ከእግሩ ሥር ይርዳል፤ ሰውነት ደረቱ ውስጥ ሁለተኛ ልብ የገባ ይመስለዋል። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ቀጥ። ዘፋኟ ቤዛዊት ብቻዋን ማይኩን ትይዛለች። የአገው ምድር ልጅ ናት፤ እስካሁን ግን በአማርኛ ስትዘፍን ነው የቆየችው። አሁን በአገውኛ ታወጣለች። ጎረቤት ተጠራርቶ በወንፈል ሲያጭድ የሚዘፈን ነው፤ ጊታሩ ብቻ ከድምፅዋ ሥር እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። አንድ ስንኝ ትልና ታቆማለች፤ ጊታሩም አብሯት ያቆማል።

ትጠብቃለች።

የአጨዳ ዘፈን አንዱ ያወጣዋል፣ ብዙው ይቀበለዋል። ያወጣን ሰው ሳይቀበሉ መተው፣ ለሰላምታ የተዘረጋ እጅ ትቶ እንደ ማለፍ ነው። ከፊት የተኮለኮለው የከተማ ወጣት ግን መቀበያውን ከየት ያምጣው? ዝም ብሎ ያያታል።

ያንኑ ስንኝ ትደግመዋለች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

ሰውነት ዘወር ይላል። አያ እንየው አፋቸውን በመዳፋቸው አፍነው ቆመዋል። ቃል ገብተዋላ! ዓይናቸው ብቻ ይለምነዋል።

ልጅቷ ለሦስተኛ ጊዜ ታወጣለች። ወራት የጠበቀው ጥርት ያለ ቅጂ እዚያ ዘንግ ጫፍ ላይ ነው፤ ከሽማግሌው አፍ እስከ ስልኩ ሁለት ክንድ አይሞላም።

«ይቀበሏት» ይላል ሰውነት። የገዛ ድምፁ ያስደነግጠዋል። «አያ እንየው፣ ይቀበሏት እንጂ!»

እጃቸውን ከአፋቸው ያነሣሉ። የሚወጣው ድምፅ የአንድ ሽማግሌ አይመስልም፤ ከሸለቆ ማዶ ላለ አጫጅ የተሰነዘረ ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። የመጀመሪያው ቅብብል ብቻውን ሜዳውን ይሻገራል። ሁለተኛውን፣ አጥሩ ሥር ሸክማቸውን አስቀምጠው የቆሙ ሴቶች ያነሡታል። ሦስተኛው ከወዲያ ከአስፋልቱ ይመጣል፤ በባጃጁና በሚኒባሱ መካከል ወደየቤቱ ሊመለስ የቆመው የገበያ ሰው ሁሉ ይቀበላል። ሰውነት አገውኛ አይችልም። በዚህች ከተማ ተወልዶ ሲያድግ፣ ይህን የሚያህል ድምፅ አጠገቡ መኖሩን አያውቅም ነበር። ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል አፉ ሲጨርሰው ይሰማዋል።

ቤዛዊት ማይኩን ከአፏ አርቃ ወደ ሕዝቡ ታዞረዋለች።

ጊታሪስቱ የሚገባበትን ቦታ ይፈልጋል። ጣቱን ክሩ ላይ ያሳርፍና መልሶ ያነሣዋል። ከዚያ ጊታሩን ወደ ጀርባው አዙሮ፣ እግሩን ከመድረኩ ጫፍ አንጠልጥሎ ይቀመጣል፤ ኮንሰርት ሊያይ እንደ መጣ ሰው።