ደህና ነን በይ

«ደህና ነን በይ። ሌላ ነገር ትንፍሽ እንዳትይ» አለች የሺእመቤት፣ የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ አንቃ። ኦፕሬተሯ «ሆልድ ኦን፣ ሃኒ»፣ ቆዩ ብላ፣ የባሕር ሹክሹክታ የሚመስል ድምፅ ትታላቸው ሄዳለች።

«ደህና ነን እንዴ?» አለች ተናኘ።

«አንቺ ልጅ!»

ተናኘን ዝምታ አልፈጠረባትም። ገና አሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም በዚህ አሜሪካ፣ በክላርክስተን አፓርታማ ውስጥ የእናቷ አፍም እጅም እሷ ናት። ክሊኒክ የምታስተረጉመው እሷ፣ ጠዋት ጠዋት የስኳር በሽታዋን መርፌ የምትወጋት እሷ። የሺእመቤት መርፌ ሲገባ ማየት አትችልም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ማርያም ማርያም ትላለች። የክሊኒኩ ነርስ ተናኘን ብርቱካን እያስወጋች ነበር ያለማመደቻት። «ብርቱካኑ ግን እንዳንቺ አይጮህም» ትላታለች ተናኘ እናቷን። ዛሬ ስልኩን ሲጠብቁ መርፌውም ረፍዷል።

ነርሷ እዚሁ ጆርጂያ የተወለደች ጥቁር ሴት ናት። «በአያቴ ጊዜ አልፎ አልፎ ነበር የሚሰማው፤ ዛሬ በእኛ ሰፈር ያልገባበት ቤት የለም» ብላቸዋለች። ታች ቤት ያሉት የቬትናም ሽማግሌም አለባቸው። ይሄ በሽታ ቪዛ አይጠየቅም መሰለኝ ትላለች ተናኘ። የሺእመቤት ግን «ከቤተሰብሽ ያለበት ሰው አለ?» ስትባል ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ «ንገሪያት! በእኛ ዘር ስኳር የሚባል የለም። የዚህ አገር ለስላሳ ነው ያስያዘኝ!» አለች። ተናኘ ለስላሳውን ዘልላ ተረጎመች።

«ሄሎ! ሄሎ! የሺዬ!»

አባባ ዘገዬ ናቸው፣ የየሺእመቤት አባት። ከጠዋት ጀምሮ ደሴ ቴሌ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ ቆይተው፣ ድምፃቸው ባሕሩን በራሱ ጉልበት የሚሻገር ይመስል ይጮኻሉ። የሺእመቤት እጀታውን ዘንበል አደረገችና እናትና ልጅ ጆሯቸውን አጣብቀው ያዳምጡ ጀመር።

«ደህና ነዎት አባዬ?»

«ደህና! ምን እሆናለሁ! አንቺስ?»

«ደህና! በጣም ደህና!»

ደህና ደህና እየተባባሉ ደቂቃውን ሊጨርሱት ነው። ሕመም በሩቅ ላለ ሰው አይነገርም፤ መጥቶ ሊጠይቅ የማይችልን ሰው በከንቱ ማሳቀቅ ነው፣ ነውር ነው። ተናኘ ይህን ታውቃለች። ስለ አያቷ ግን የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አካሄዳቸውን። ከእናቷ ጋር በሱዳን በኩል ከአገር ሳይወጡ በፊት፣ ከገበያ እስከ ቤት ያለውን ዳገት በትከሻቸው ተሸክመዋት ሲወጡ፣ ሰው ሁሉ ከኋላ ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም።

«በእግርዎ ነው የመጡት?» አለች የሺእመቤት።

«አይ፣ በጋሪ። ጫማ ልጦኝ ነው። ትንሽ ቁስል ናት፤ ከፍልሰታ ወዲህ አልድን አለችኝ እንጂ።»

ተናኘ እናቷን አየቻት። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነው፤ ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ፣ የአንድ እግሩ ሱሪ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን። ነርሷ «ትንሽ ቁስል ናት ብሎ ነበር እሱም» ብላ ነበር በቀስታ።

«ቅባት ይቀቡባት እንጂ አባዬ» አለች የሺእመቤት።

«እማዬ፣ ንገሪው» አለች ተናኘ በሹክሹክታ።

እናቷ እንቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እንዴት አወቅሽ ቢሏት ምን ልትል ነው?

ተናኘ እጀታውን ነጠቀቻት። «አባባ፣ ስማኝ!»

«ስማኝ አለችኝ!» ሽማግሌው ሳቁ። «አሜሪካ አንቱታን ቀማችሽ?»

«አባባ፣ እማዬ ስኳር ይዟታል። በየቀኑ መርፌ የምወጋት እኔ ነኝ። ያንተም ቁስል ከዚያ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ቤት ሂድ። እግርህን ሳይቆርጡህ ሂድ!»

የሺእመቤት አፏን በመዳፏ ያዘች። መስመሩ ውስጥ ባሕሩ ብቻ ቀረ። ተቆረጠ ብላ ተናኘ ደነገጠች። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኹ።

«ሻይ በስኳር ትጠጣለች?»

«ትታለች።»

«እኔም ትቻለሁ። ከፋሲካ ወዲህ። ለእሷ እንዳትነግሪያት።»

የእናቷ ጆሮ አሁንም ከጆሮዋ ጋር ተጣብቋል። ሲሞቅ ተሰማት።

«መድኃኒትስ አለህ?»

«ሲገኝ።»

ተናኘ ፍሪጁን አየች። የእናቷ መድኃኒት ብልቃጦች እዚያ ውስጥ፣ ከቅቤው ጎን ተደርድረዋል።

«እግርህንስ ለምን አላሳየህም?»

«ፈርቼ ነው ልጄ። ሐኪሞቹ እግር ቆራጮች ናቸው።» ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ሰዓት አልቋል እያለ ይጮኻል። «እሺ፣ ነገ እሄዳለሁ። አንቺን የምሸከምበት እግር ያስፈልገኝ የለ?»

«ከእማዬ እኮ በቁመት በልጫለሁ አባባ። እከብድሃለሁ።»

«አትከብጂኝም።»

የሺእመቤት እጀታውን ወሰደች። «እኔ ነኝ አባዬ» አለች።

«አለሁ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ደህና ነኝ አላለም። ባሕሩ እስኪውጣቸው ድረስ ትንፋሽ ለትንፋሽ ሲደማመጡ ቆዩ፤ ከዚያ ጠቅ አለና ተቋረጠ።

ተናኘ ብልቃጡን ከፍሪጅ አወጣች፣ መርፌውን ሞላች። የሺእመቤት እጅጌዋን ሰበሰበች። በሌላው እጇ እጀታውን ገና አላስቀመጠችም፤ ጆሮዋ ላይ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አላዞረችም። መርፌው ክንዷ ውስጥ ሲገባ፣ እስከ መጨረሻው አየችው።