መከታ የመረጠው መናፈሻ

ውሾች መናገር ከጀመሩ ወዲህ የአዲስ አበባ ደንብ ተለውጧል፤ የሚንሸራሸርበትን መናፈሻ በየዓመቱ የሚመርጠው ውሻው ራሱ ነው። ባለቤቱ ይፈርማል፤ ይዞትም ይሄዳል።

ወይዘሮ አልጋነሽ ውሻቸውን መከታን ይዘው ምርጫው ወደሚመዘገብበት ቢሮ ገቡ።

«ሲኤምሲ ያለው ይሁንልን፤ ለቤታችን ቅርብ ነው» አሉ።

ጸሐፊዋ ወደ ውሻው ዞረች። «አቶ መከታ፣ እርስዎስ የት ይፈልጋሉ?»

«ኮልፌ» አለ መከታ። «ጋሽ ጥላዬ የሚኖሩት እዚያ ነው።»

ወይዘሮ አልጋነሽ ክው አሉ። ጥላዬ ከተለያዩ ሦስት ዓመት የሆናቸው ባላቸው ናቸው።

«ዝም በል፣ አንተ!»

«ይቅርታ እትዬ፣ የአቶ መከታን ምክንያት መመዝገብ አለብኝ» አለች ጸሐፊዋ።

«እትዬ ሽንኩርት ሲከትፉ የጋሽ ጥላዬን ስም እየጠሩ ያለቅሳሉ» አለ መከታ። «በሽንኩርቱ እንዳይመስልሽ፤ ድንች ሲልጡም ያለቅሳሉ።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ወይዘሮ አልጋነሽ ተሸማቀው ፈረሙ። በገዛ ጓዳቸው እንኳ ተደብቀው ማልቀስ ቀርቶባቸዋል።

ቅዳሜ ከመከታ ጋር ኮልፌ መናፈሻ ሲደርሱ፣ አቶ ጥላዬ አንዲት ነጭ ውሻ ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ውሻ ያለህ?» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ።

«የጎረቤት ናት» አሉ ጥላዬ አንገታቸውን ደፍተው። «መከታ አንድ ቀን ኮልፌን ይመርጥ ይሆናል ብዬ፣ በየቅዳሜው እየተዋስኳት እመጣለሁ።»