የ«ስትራይክ» አሥራ አንድ ትርጉሞች

መምህር ላቀው «ስትራይክ» ለምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አሥራ አንድ ትርጉም አገኘላት። እሷ ደግሞ በምላሹ ስድስት ቀን አሳሰረችው።

ነገሩ የሆነው በ1970 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ላፍቶ ነው። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ላቀው በማግስቱ የሚያስተምረውን በአንድ ሉክ ወረቀት በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ባለቤቱ ገበያነሽ ከሥራ ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆማ ታየዋለች። ከቀበሌው በላይ ባለው በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሻይ ታፈላለች፣ ወለል ትወለውላለች። የዚያን ዕለት ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

«ነገ ሥራ ቅርና ሰበታ እማዬ ጋ ውሰደኝ» አለችው።

«ፈተና ደርሷል እኮ፣ ገበያ። ደግሞስ የይለፍ ወረቀት ማን ይሰጠናል?»

ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ «ምንድነው የምትጽፈው?» አለች።

«አንድ ቃል ነው፤ ጉዱ ግን አያልቅም። መምታት ይሆናል፣ ክብሪት መጫር ይሆናል፣ አድማም ይሆናል» ብሎ ሳቀ። «አድማ ማለቴን ሰው እንዳይሰማ!»

ገበያነሽ አልሳቀችም።

ሐሙስ ጠዋት አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ቦርሳውን ቢፈትሽ ወረቀቱ የለም። ማታ መክተቱን ግን በደንብ ያስታውሳል። አጠገቡ የነበረው የሳይንስ አስተማሪው ውዳሴ ብቻ ነው። «ምን ጠፋህ?» ብሎ ጎንበስ አለና ከጠረጴዛ ሥር ሳይቀር ፈለገለት። ላቀው ሲያስበው ከልክ በላይ ነው የፈለገለት። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ይዘውት ሄዱ።

ቀበሌው ያለው ከአንድ ባላባት በተወረሰ ግቢ ውስጥ ነው። ላቀው የገባበት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮቱ መዳፍ ቢያክል ነው፤ በሩ ከውጭ በሰንሰለት ይቆለፋል። መሃል ቆሞ ክንዱን ቢዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ይነካል። ከውጭው ዓለም የቀረለት የትምህርት ቤቱ ደወል ድምፅ ብቻ ነው። ደወሉ የመኪና ቸርኬ ስለሆነ ሲመቱት ሩቅ ይሰማል።

መርማሪው ጓድ ሮበሌ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ አንዷን ፊደል ሳይጨርስ ወደ ሌላዋ የማይሄድ ዝግተኛ ሰው ነበር። የጠፋውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ሂት፣ ቢት፣ ኖክ» ብሎ አነበበ። «እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ሰዎች አይደሉም፣ ጓድ። ተመሳሳይ ቃላት ናቸው።»

«ተመሳሳይ ከሆኑ አንዱ አይበቃም ነበር? ቢት የት ነው የሚኖረው?»

ላቀው ሊስቅ ፈልጎ አቃተው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ በዚያ ወር ግን እንዲህ ያለውም ኩበት ሰው ያስገድል ነበር።

«ከነዚህ አንዱ አድማ እንደሆነ ጥቆማ ደርሶናል» አለ ሮበሌ። «አሥራ አንዱንም በአማርኛ ታስጽፈኛለህ። እስከዚያ ከዚህ ንቅንቅ የለም።» በቀን ግን ከሁለት ትርጉም በላይ እጁ አይሄድለትም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ገበያነሽ መጣች። ብርድ ልብስ፣ ሹራቡን፣ መፋቂያውንና ሳምንት የሚያቆይ በሶ ይዛለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ጎረቤት።»

«ያስበላኝ ውዳሴ ነው። ስወጣ ፊቱ ላይ ነው የምተፋበት!»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ላቄ፣ በእናትህ አትቸኩል። ሰውየው ዝግ ያለ ነው፤ አንተም ዝግ ብለህ አስረዳው።»

«እዚሁ እንድበሰብስ ነው የምትፈልጊው?» ብሎ ጮኸባት። ብርድ ልብሱን እጁ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ያን ያህል ዓመት አብሯት ኖሮ እንደዚያ ቀን አስቀይማው አታውቅም።

ዓርብ ደወሉ ሲደወል ተማሪዎቹ ትዝ አሉትና ሆዱ ባባ። ቅዳሜና እሑድ ግድግዳው የቀረበ መሰለው። ሰንሰለቱ በተንኳኳ ቁጥር «ሊወስዱኝ ነው» እያለ ጥግ ይይዛል። ከዚያ ሁሉ ፍርሃት የሚያሳርፈው ውዳሴን መርገም ብቻ ነበር።

ሰኞ ደወሉ አልተሰማም። ጆሮውን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ጠበቀ። ነፋሱ ወደ ሀና ማርያም በኩል ወስዶት ይሆናል ብሎ ተወው።

ማክሰኞ አሥራ አንደኛው ላይ ደረሱ።

«የመጨረሻው፣ ስምን ከዝርዝር ላይ መሰረዝ ማለት ነው» አለ ላቀው፤ ድምፁ አልቋል።

ሮበሌ ጽፎ ጨረሰና አራት ነጥብ አደረገበት። «ይኼማ ትምህርት ነው» አለ ቅር እያለው። «ፈርምና ሂድ።»

«መጀመሪያ ውዳሴን ነው የማገኘው!»

ሮበሌ ቀና ብሎ አየው። «አልሰማህም እንዴ? እሑድ ስድስት አስተማሪ ከየቤታቸው ተለቅመው በመኪና ተወሰዱ። ውዳሴም አለበት። ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሚመለሱ አይመስለኝም። ዝርዝሩ ከረቡዕ ጀምሮ ከፍተኛው ዘንድ ተዘጋጅቶ ነበር አሉ። ያንተም ስም ነበረበት፤ እኛ ዘንድ መታሰርህን ሲሰሙ ሰረዙህ።»

ላቀው ብዕሩን ተቀበለ። ሊተፋበት ሲዝትበት የሰነበተው ፊት ዓይኑ ላይ ድቅን አለ፤ ከጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብሎ ወረቀት ሲፈልግለት። እንባው መጣ። ሮበሌ በጣቱ ያሳየው ቦታ ላይ ፈረመ። ከፊርማው በላይ፣ በሮበሌ ዝግተኛ የእጅ ጽሕፈት አንድ መስመር ተጽፏል።

«ጠቋሚ፦ ወይዘሮ ገበያነሽ ሙሉሰው፣ የተጠርጣሪው ባለቤት።»