የታላቅ ወንድም ቸርነት

ባልዲው ከጉድጓዱ ጭቃ ብቻ ይዞ ወጣ። ሴትየዋ በየዓመቱ እየቀጠለች ያስረዘመችው ገመድ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኗል፤ ዘንድሮ ግን ገመዱ ቢረዝምም ለልጆቿ መጠጫ እንኳ የሚሆን ውሃ አልነበረም። ከአጥሩ ማዶ የታላቅ ወንድሟ የውሃ ሞተር ያጓራል። ወንድሟ ሩዙን ሲያነሳ ስንዴ፣ ስንዴውን ሲያነሳ ሩዝ እየዘራ መሬቱን ዕረፍት ነስቶታል፤ የሞተሩም ቧንቧ በየዓመቱ ወደ ምድር ሆድ እየጠለቀ ሄዷል።

«እህቴ! ምን ያስጨንቅሻል? እኔ እያለሁልሽ!» አለ ወንድሟ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ነይ ከኔ ቅጂ! ለእህቴ ውሃ የምነፍግ ሰው ነኝ እንዴ?»

«ጋሼ፣ የኔ ጉድጓድ የደረቀው እኮ ያንተ ሞተር…»

«እሱማ የዕድል ነገር ነው። ይልቅ መርቂኝና ቅጂ።»

«ወንድምስ እንዲህ ነው!» አለች አንዲት ጎረቤት ከአጥር ሥር።

እህትየዋ ጥርሷን ነክሳ ወደ ወንድሟ ማሳ ሄደች። ሩዙ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይንቀባረራል። ባልዲዋን ከቧንቧው አፍ እስኪገነፍል ሞላች። ወንድሟ ምርቃቱን ለመቀበል አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጠበቀ። እሷ ግን ተመልሳ ጉድጓዷ አፍ ላይ ቆመችና ባልዲውን ገለበጠችው። ውሃው ታች ደርሶ እስኪሰማ ድረስ ቆየ።

«አብደሻል? የሰጠሁሽን ትደፊዋለሽ?»

«አይዞህ ጋሼ፣ አይጠፋብህም» አለች ባዶውን ባልዲ እያራገፈች። «ወዳንተ የሚወስደውን መንገድ ያውቀዋል።»