ለጠረጴዛዋ የሚሆን ማውስ ፓድ

መንታ ከወለደች ወዲህ አንዲት ሌሊት እንኳ ጠግባ አልተኛችም። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ቢሮ ከተመለሰች ጀምሮ ደግሞ የምትጽፈው ሁሉ ስህተት ይሆንባታል። ዛሬ ጠዋት አለቃዋ፣ «ከእንግዲህ አንድ ስህተት ባይ በቦታሽ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ» አላት። ምን ታድርግ፣ ልጆቼ? በምሳ ሰዓት ከቢሮዋ ፊት ለፊት ወዳለው የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ እግሯን እየጎተተች ሄደች።

«ማውስ ፓድ ፈልጌ ነበር።»

«ጠረጴዛሽ ምን ያህላል፣ እህቴ?» አለ ሻጩ።

«ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። ግማሹን ኮምፒውተሩ ይዞታል።»

«እንግዲያው ትንሿ ትበቃሻለች።»

ትንሿን በመዳፏ ለካችና መለሰችለት። «ጠበበችኝ።»

መካከለኛውን አመጣላት። በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ፣ «ስስ ነው፤ ይቆረቁራል» አለች።

ሻጩ እየሳቀ ሰፊውንና ወፍራሙን ባንኮኒው ላይ ዘረጋላት። «ለማውስ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው አይቼ አላውቅም። አውሮፕላን ልታሳርፊበት ነው እንዴ?»

«ልሞክረው?»

«ሞክሪው፤ ማውስ ላምጣልሽ።»

«ተወው፣ አያስፈልግም» አለችና ጎንበስ ብላ ጉንጯን አሳረፈችበት። «ልክ ነ...» አለች፤ አልጨረሰችውም።

ወዲያው አንድ ጎረምሳ ገባና፣ «ቻርጀር አለ?» ሲል ጮኸ።

ሻጩ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ቀስ በል፣ ወንድሜ። ዕቃ እየሞከረች ነው።»