የበራሪዋ ቀጠሮ

ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መብረር ትችላለች። ይህ ከታወቀ ወዲህ ከተማው ሐሳቡን ሁሉ በእሷ ላይ ጥሏል። ሊፍት ሲቆም ይጠሯታል፣ ድመት ጣሪያ ላይ ስትቀር ይጠሯታል። አንድ ጎረቤት መጋረጃ እንድትሰቅልለት ጠይቋታል፣ መሰላል መበደር አፍሮ። ስሟ ተረስቶ «በራሪዋ» ብቻ ሆና ቀርታለች።

እሷ የምትፈልገው ግን ከክፍል ጓደኛዋ፣ ከዚያ ጸጉረ ከርዳዳ ልጅ ጋር፣ ሲኒማ መግባት ነው።

ሦስት ጊዜ ተቀጣጠሩ። ሦስቱንም ጊዜ እሳት ተነሳ። መጀመሪያ የተዘጋው ወፍጮ ቤት፣ ቀጥሎ አንድ የቆመ አሮጌ አውቶቡስ፣ ከዚያ ባዶው የእንጨት መጋዘን። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም።

ሁልጊዜ ቀድማ የምትደውልላት እናቷ ናት። «የት ነሽ? ጭስ ይታየኛል! ቶሎ ድረሺ!»

የእሳት አደጋ አዛዡ የሚደርሰው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ልብሱን አስተኩሶ። አጠገቧ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። በዚህ መልክ ሁለት ሜዳሊያ አግኝቷል።

«አይዞሽ ልጄ፣ እኛ ከኋላሽ ነን» ይላታል።

እውነቱን ነው። ከፊቷ ሆነው አያውቁም።

ይኸው አዛዥ የልጁ አጎት መሆኑን የሰማች ቀን ነገሩ ተገለጠላት። ቀጠሯቸውን ከልጁ ይሰማል፣ እሳቱን ይለኩሳል፣ ሜዳሊያውን ይቀበላል!

«እማዬ፣ ቅዳሜም ሲኒማ ልገባ ነው» አለች ቁርስ ላይ።

ልብስ ሰፊዋ እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። «በስንት ሰዓት?»

«በዘጠኝ።»

«ከዚያው ልጅ ጋር?»

«ከዚያው።»

«እንግዲህ ግዴታሽን አትርሺ፣ የኔ ልጅ። ሲኒማው የትም አይሄድብሽም።»

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጁን ቲኬት መሸጫው በር ላይ ገትራው በረረች፤ እሳት አደጋ ጣቢያው ትይዩ ካለ ፎቅ ላይ አደፈጠች። አዛዡ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ጥሎ ያንኮራፋል። ሩብ ሰዓት ጠበቀች። አልተነቃነቀም።

ከገበያው ጀርባ፣ ከተተወው ጋራዥ፣ ቀጭን ጭስ ወጣ።

እንደዚያን ቀን በርራ አታውቅም። የጋራዡን በር በእርግጫ በረገደችው። አንድ ሰው አጎንብሶ የጨርቅ ቁራጭ ክምር ላይ እፍ ይላል።

«ክብሪቱን ጣል!» ብላ ጮኸች።

«አንቺ! ከልጁ ጋር አይደለሽም እንዴ?» አለች እናቷ።