ሰባቴ የተነበበች መጽሐፍ

በዚያ ክረምት ዝናቡ ሁለት ወር አላባራ ብሎ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሰው ዝር አላለም። እስከ ጳጉሜን ድረስ አንድ አንባቢ እንኳ ካልተመዘገበ ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ሊሆን ነው። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠብቁት ጡረተኛ መምህር አንዲት ሴት ስትገባ ሲያዩ እንደ ወጣት ብድግ አሉ።

«ለልጄ ልቦለድ ይምረጡልኝ፣ ጋሼ።»

«ይቺን ውሰጂላት» አሉ፣ ከመሳቢያቸው ያረጀች መጽሐፍ አውጥተው። «ልጅ ልቦለድ ካላነበበ ልቡ አይበራም። እኔ ሰባቴ ጨርሻታለሁ።»

ሴትዮዋ ሽፋኑን ገልጣ ያየችው የራሷን ስም ነበር።

«ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የነጠቁኝ እኮ ናት፣ ቲቸር። ‹ልቦለድ ልጅ ያባልጋል› ብለው ገረፉኝ።»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የት ደርሰሽ ነበር?»

«ገጽ ስልሳ ሁለት።»

መነጽራቸውን አደረጉና ከስልሳ ሦስት ጀምረው ጮክ ብለው አነበቡላት።